ጋፋት ማንን አስተማረ?

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ወጣ ብሎ ጋፋት የሚባል ጉብታ አለ። በታሪክ መጽሐፍ አንብቦት በእግሩ የሚደርስበት ሰው መጀመሪያ ቅር ይለዋል። በልቡ የሣለው የእቶን ጭስ፣ የመዶሻ ድምፅና የቀለጠ ነሐስ ወላፈን ነው። የሚያገኘው ግን ሣር፣ ድንጋይ፣ የሚግጡ በጎችና ከጉና ተራራ የሚወርድ ብርድ ነው።

ከዓመታት በፊት የማስተምራቸውን ልጆች ይዤ ወደዚያ ወጥቼ ነበር። ከጉብታው ላይ ቆሜ ዘወትር በክፍል የምለውን ደገምኩላቸው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን የሚጠጋ ክብደት፣ መቅደላ። ልጆቹ በየደብተራቸው ጫሩ። ስጨርስ እንደ ልማዴ “ጥያቄ ያለው?” አልኩ። ይህን ቃል አስተማሪ ሁሉ ይለዋል፤ ብዙዎቻችን ግን የምንለው ጥያቄ እንዲመጣ ፈልገን ሳይሆን ትምህርቱ ማለቁን ለማሳወቅ ነው። በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምቼው የማላውቅ አንዲት ልጅ ከኋላ ሆና እጅዋን አነሣች።

“ቲቸር፣ እዚህ የተማሩት ልጆች የት ደረሱ?”

የመድፉን ክብደት አውቅ ነበር። መድፉ የተጎተተበትን መንገድ፣ የወሰደውን ጊዜ፣ የፈረንጆቹን ስም ሳይቀር አውቅ ነበር። ከጋፋት ተማሪዎች የአንዱን ስም ጥሪ ብባል ግን አፌ ባዶ ነበር። “ጥሩ ጥያቄ ነው” አልኩና አለፍኩት። ልጆቹም ወደ ከተማ ለመመለስ ተሰለፉ። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ልጅ የዘገየ መልስ ነው።

*

ደብረ ታቦርን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ ናቸው። እስከ ራስ ዓሊ ዘመን ድረስ የየጁ መሳፍንት መናገሻ ሆና ቆየች። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስም ከጎንደር ይልቅ ወደዚህች ደጋ ከተማ አዘነበሉ።

ንጉሠ ነገሥቱ የመሣሪያን ነገር የተማሩት በመከራ ነበር። ገና ካሣ ኃይሉ ተብለው በሚጠሩበት ጊዜ፣ በ1840 ዓ.ም. ዳባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው ነበር። ጀግንነት አልጎደላቸውም፤ ወታደሮቻቸውም ወደ ኋላ አላሉም። ሆኖም በሥርዓት የሠለጠነና መድፍ የያዘ ጦር ጎራዴና ጋሻ የያዘውን ሠራዊታቸውን በታተነው። ያ ቀን በቴዎድሮስ ልብ ውስጥ አንድ ጥያቄ ተክሎ አለፈ፤ “እነሱ የሚያውቁትና እኛ የማናውቀው ነገር ምንድን ነው?” የሚል ይመስለኛል። ይህ በመሠረቱ የተማሪ ጥያቄ ነው።

ስለዚህም በ1848 ዓ.ም. በኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ በሳሙኤል ጎባት አማካይነት የመጡትን ወጣት ሚስዮናውያን ሲቀበሉ፣ የፈለጉት ሰባኪ ሳይሆን ባለ እጅ ነበር። ሰዎቹ በስዊዘርላንድ ባዝል አጠገብ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪስኮና የሚስዮን ትምህርት ቤት የወጡ፣ ወንጌልንም እጅ ሥራንም አጣምረው የተማሩ ነበሩ። ፍላድ፣ ቤንደር፣ ማየር፣ ኪንትስለን በመጀመሪያ መጡ፤ ዋልድማየርና ዛልሙለር ጥቂት ዓመታት ዘግይተው ተከተሏቸው። ጋፋት ላይ ሰፈሩ፤ ቤት ሠሩ፤ አገባቡም። ዋልድማየር ያገባው የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ የነበረውን የእንግሊዛዊውን የጆን ቤልን ልጅ ነው። ንጉሡም ሙያ እንዲማሩ ወጣቶችን ይሰጧቸው ነበር። እንግዲህ ጋፋት ከፋብሪካነቱ አስቀድሞ በአሳቡ ትምህርት ቤት ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ብዙ ጊዜ የሚያስቀኝ፣ አንዳንዴም የሚያሳዝነኝ ነው። ቴዎድሮስ ለእነዚህ ሰዎች መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። ሰዎቹ ደግሞ መድፍ መሥራት አያውቁም፤ አናጢዎች፣ ግንበኞች፣ አንጥረኞች እንጂ መድፍ ሠሪዎች አልነበሩም። አንችልም አሉ። ንጉሡ ግድ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ከሸፉ። ንጉሡ ግን ደግማችሁ ሞክሩ ማለታቸውን አልተዉም። ከሩሲያ ጦር የኮበለለው ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሃልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎ ሲጨመሩ ሥራው መልክ ያዘ። በመጨረሻ የሚተኮስ መሣሪያ ከጋፋት ወጣ።

እስቲ ይህን እንደ አስተማሪ እንመልከተው። በጋፋት እቶን ዙሪያ ከሁሉ ይልቅ የተማሩት እነማን ናቸው? ፈረንጆቹ ናቸው። የማያውቁትን ነገር እየሞከሩ፣ እየወደቁ፣ ስሕተታቸውን እያረሙ ወደ ዕውቀት የደረሱት እነሱ ነበሩ። ጉድለታቸውን አይቶ “ድገሙት” የሚል፣ ተስፋ የማይቆርጥ አስተማሪም ነበራቸው፤ ንጉሡ ራሳቸው። የአገሬው ልጆች ግን እንጨት ከሰል ተሸከሙ፣ ወናፍ ነፉ፣ ማዕድን አጓጓዙ። እጃቸው እቶኑ ዘንድ ነበር፤ መሳሳትና ማረም የሚባለው የትምህርት ልብ ግን በአብዛኛው ለሌሎች የተተወ ነበር።

*

የቀረው ታሪክ ይታወቃል። ለእንግሊዝ ንግሥት በ1855 ዓ.ም. የተጻፈው ደብዳቤ መልስ አጣ፤ ቆንስሉና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ፍላድ ባለ እጆችና የመሥሪያ ዕቃ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ተላከ። እንግሊዞች ባለሙያዎቹን ከነመሣሪያቸው እስከ ምጽዋ ድረስ ላኩ፤ ሆኖም እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፉም ተባለና ከዚያው ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን የንጉሡ ግዛት በዐመፅ እየጠበበ ሄደ። በ1859 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍትም ወደ መቅደላ አጋዙ። ዕውቀትን ከባሕር ማዶ ለማምጣት ያን ያህል የደከሙት ንጉሥ በደጃቸው የነበረውን የዕውቀት ከተማ በእሳት አጠፉ። ቴዎድሮስን የምንወድ ሰዎች ይህን ገጽ ቶሎ መግለጥ እንወዳለን። ነገር ግን አስተማሪ ገጽ ዘሎ ማስተማር የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1867 በጋፋት ባለሙያዎች እጅ ትልቁ መድፍ ተሠራ። ሴባስቶፖል ተባለ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረምና መንገዱን እየሠሩ ነበር የሚሄዱት። ገደል እየተናደ፣ ዐለት እየተፈለጠ፣ መድፉ በሠረገላ ላይ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት እየተጎተተ ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን እንደ መዘገቡት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወርደው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ። ቴዎድሮስም ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጃቸውን ለእንግሊዝ ጦር ላለመስጠት ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አሳለፉ።

መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው። አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጋፋት ስም በኋላ ዘመን ለጦር መሣሪያ ፋብሪካ ተሰጥቷል፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በተከፈተው በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ጋፋት የሚል የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ። ስሙ አልጠፋም። የጠፋው ትምህርቱ ነው። ከ1860 ዓ.ም. በኋላ እቶኑን የሚያነድ፣ “እኔ ከእገሌ ተምሬ ለእገሌ አስተማርኩ” የሚል የሙያ ሐረግ ከጋፋት አልቀጠለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዋልድማየር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጥቶ ወደ ሶርያ ምድር ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1873 በሊባኖስ ተራራ ላይ ብሩማና በምትባል መንደር ትምህርት ቤት አቋቋመ። ያ ትምህርት ቤት ከመቶ አምሳ ዓመት በኋላም ልጆች ያስተምራል። ይህን ሳነብ ልቤ ቅናት ተሰማው። ያው ሰው፣ ያው እጅ፣ ያው ዘመን። ጋፋት ላይ የተከለው ሣር ሆነ፤ ሊባኖስ ላይ የተከለው ትምህርት ቤት ሆነ። ልዩነቱ ምን ነበር? ብሩማና ላይ የተፈለገው ተማሪው ነበር። ጋፋት ላይ የተፈለገው መድፉ ነበር።

*

በእርግጥ ለጋፋት መክሸፍ ጦርነቱ ብቻ፣ ንጉሡም ብቻ ተጠያቂ አይደሉም። እኛም ድርሻ አለን። በእነዚህ ደጋዎች ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ጠይብ ይባል ነበር፤ ቀጥሎም ቡዳ። ማረሻውን ከእጁ እንቀበላለን፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም፤ ከማዕዱም አንቀርብም። ብዙዎቹ ባለ እጆች ቤተ እስራኤላውያን ነበሩና ንቀቱ እጥፍ ይሆንባቸዋል። እንዲህ ባለ አገር የጨዋ ልጅ አባቱን “አንጥረኛ ልሆን ነው” ቢለው ምን መልስ ይጠብቀው እንደነበር መገመት አያስቸግርም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማወጅ የደረሱት ነገሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። እቶን ከውጭ ሊመጣ ይችላል። ለሙያ የሚሰጥ ክብር ግን በመርከብ ተጭኖ አይመጣም።

*

አሁን አንባቢ ከእኔ ጋር ከጋፋት ወርዶ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጋይንት ይጓዝ። በጋይንት ምድር ሁለት ስሞች አሉ፤ ቤተልሔምና ዙር አባ። ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ከትግራይም ይምጣ ከሸዋ፣ ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ የዜማ ሰው ዕውቀቱን አስመስክሮ መምህር ለመባል ወደዚህ ደጋ ይወጣል።

የእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዕቃ ቢቆጠር ምን ይወጣዋል? የሣር ጎጆ፣ ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ውሻ መከላከያ በትር፣ መቃ ብዕር፣ ከቅጠልና ከጥላሸት የተበጠበጠ ቀለም። ተማሪው “በእንተ ስማ ለማርያም” ብሎ ለምኖ ያድራል። ሆኖም እዚህ ቤት ውስጥ እጅግ የረቀቀ መሣሪያ አለ፤ የዜማ ምልክት። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት የሚባሉት ምልክቶች ከፊደሉ በላይ በደቃቃው ይጻፋሉ። ምልክቱ ዜማውን አያስተምርም፤ ከመምህሩ አፍ የሰማውን ለሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል። እንግዲህ አበው መሣሪያን ወደ ትምህርት ቤት ሲያስገቡ ቦታውን ለይተው አስቀምጠውታል። መሣሪያው የመምህሩ አገልጋይ ነው፤ ምትኩ አይደለም።

በቅኔ ቤትም አንድ የማልረሳው ቃል አለ፤ ነገራ። ተማሪው ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ሲሞላለት ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ያደምጣል። ቤቱ ቢጎድል፣ አገባቡ ቢፋለስ፣ ሰሙ ከወርቁ ቢጣላ እዚያው ያርመዋል። ነገ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል፤ እንደገና ይታረማል። በዘመናችን ትምህርት ቤት የሚናገረው አስተማሪ ነው፤ የሚሰማው ተማሪ ነው። በቅኔ ቤት ግን የትምህርቱ ወሳኝ ሰዓት ተማሪው የሚናገርበትና መምህሩ የሚሰማበት ሰዓት ነው። ከዚህም ሌላ የላይኛው ተማሪ የታችኛውን ያስቀጽላል፤ መቶ ተማሪ ያለው መምህር ብቻውን መቶ ሰው አያስተምርም። ዛሬ የተማረ ዛሬውኑ ያስተምራል። ሐረጉ የማይበጠሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስል የጥንቱን ሁሉ እያሞገስኩ አይደለም። የጉባኤ ቤት ኑሮ ስንቱን ልጅ በረኃብና በበሽታ ቀጥፏል። አለንጋው ምሕረት አያውቅም ነበር። ሴት ልጅ በሩን እንዳታልፍ ተደርጋለች፤ በጎጃም ዐይናቸው ሳያይ ቅኔ ያስተማሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚጠቀሱት ብርቅ ስለሆኑ ነው። ጋፋት ላይ የጠየቀችኝ ልጅ በዚያ ዘመን ብትወለድ ከጎጆው ደጅ አትደርስም ነበር። የምወስደው ያንን አይደለም። የምወስደው ነገራን ነው።

*

የዚህን ኃይል ከሚያሳዩ ታሪኮች አንዱ በዚሁ በደብረ ታቦር ነው። በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ከቀልዳቸው ጀርባ ግን ታላቅ የአቋቋም ሊቅ ነበሩ። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት፣ የጣናን ሞገድና የሸንበቆውን መወዛወዝ አይተው ለዝማሜው አዲስ የሰውነት እንቅስቃሴ አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም። አለቃ ምን አደረጉ? አዋጅ አላስነገሩም፤ ሠራዊትም አላስከተቱም። ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ ወንበር ዘርግቶ ለሌሎች አስተማረ። ያ ስልት ዛሬ የተክሌ አቋቋም ተብሎ በመላ አገሪቱ ይዘመማል።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። በአንድ አካባቢ፣ በአንድ ምዕተ ዓመት ሁለት አዳዲስ ነገሮች ተወለዱ። አንዱ ንጉሥ፣ ግምጃ ቤት፣ እቶን፣ የውጭ ባለሙያና ብዙ ሺህ ጉልበት ነበረው፤ አንድም መምህር ሳይተካ ቀረ። ሌላው መቋሚያና አንድ ተማሪ ነበረው፤ እስከ ዛሬ ይኖራል።

*

አሁን ወደ ራሴ ዘመን ልምጣ። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ በሳተላይት በአንድ ጊዜ ለአገር ሁሉ ይለቀቅ ነበር። ሒሳቡ፣ ፊዚክሱ፣ ኬሚስትሪው፣ ባዮሎጂው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከአርባው ደቂቃ አብዛኛውን ሣጥኑ ይወስዳል፤ ለክፍሉ አስተማሪ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈዋል።

ያኔ በደቡብ ጎንደር በአንዲት ትንሽ ከተማ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ተደስቼ ነበር። ቤተ ሙከራችን ባዶ መደርደሪያ ነበርና ልጆቹ የኬሚስትሪ ሙከራ በዐይናቸው ያዩት በዚያ ሣጥን ነው። ገጠር የተወለደ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት በእኩል ሰዓት ማግኘቱም ትልቅ ነገር ነበር። ይህን መካድ ነውር ነው።

ግን አንድ ነገር ነበር። በመስተዋቱ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ “በጣም ጥሩ!” ይላል። ማንም አልመለሰም። ጥያቄው የገባው እንኳ አልነበረም። እሱ ግን በጣም ጥሩ ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁበት፤ ኋላ ለመዱት፤ በመጨረሻ መስማት አቆሙ። ቁም፣ አልገባኝም የሚባል ቃል ለእሱ አይነገረውም። እኔም ከግድግዳው አጠገብ ቆሜ አያለሁ። ልጆቹ ወደ እሱ ያያሉ፤ እኔ ወደ እነሱ አያለሁ፤ የትኛው ልጅ እንደጠፋበት ከፊቱ አውቃለሁ፤ ግን ሰዓቱ የእኔ አይደለም።

መብራት ሲጠፋ ሣጥኑም ይጠፋል። ያን ጊዜ ጠመኔ አንሥቼ “የት ላይ ነው የጠፋባችሁ?” እል ነበር። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። “ከመጀመሪያው፣ ቲቸር።”

ለብዙ ዓመታት ይህን ታሪክ የፕላዝማ ጥፋት አድርጌ ስተርከው ኖርኩ። አንድ ቀን ግን የጋፋቷ ልጅ ትዝ አለችኝ። እጅዋን አንሥታ ጠየቀችኝ፤ እኔስ ምን አልኳት? “ጥሩ ጥያቄ ነው” ብዬ አለፍኩ። ሳተላይት አላዘዘኝም፤ ሰዓቱም የእኔ ነበር፤ ልጅቷም ፊት ለፊቴ ቆማ ነበር። እንደዚያ ሣጥን ሰው “በጣም ጥሩ” ብዬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ሣጥን ለመሆን መስተዋትና ሽቦ አያስፈልግም ለካ።

*

ዛሬ የፕላዝማው ዘመን አልፎ በየኪሱ ስልክ አለ። የአቋቋም ተማሪ የመምህሩን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ሌሊት ይሰማዋል። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተዘርፈው ለንደን ከገቡት የብራና መጻሕፍት 350 ያህሉ በብሪቲሽ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም በ2010 ዓ.ም. ግድም በምስል ተቀድተው በኢንተርኔት ቀርበው ነበር። አያቶቹ የተነጠቁትን መጽሐፍ ምስሉን ከጋይንት ሆኖ የሚያይ ልጅ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ያሳዝናልም። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ቤተ መጻሕፍቱ በሳይበር ጥቃት ሲመታ ያ ሁሉ ምስል ለረጅም ጊዜ ተዘጋ። ምስሉ ቢኖርም አንብቦ ምሥጢሩን የሚያስረዳ መምህር ከሌለ ከግድግዳ ሥዕል አይለይም።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ትምህርት በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ይሰጥ ተባለ። ከጉና ግርጌ ያለው የገበሬ ልጅ ግን ከብት ጥበቃ ወጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ጋይንትና ጉና ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተቋርጦ ቆየ። ያን ጊዜ የሚያስተምር መሣሪያ ሁሉ ዝም አለ። ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ ካልተማረ በቀር ሌላ መንገድ ያልነበረባቸው ወራት ነበሩ።

አሁን ደግሞ ጥያቄ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ሠራሽ አእምሮ መጥቷል። ወጣት ባልደረቦቼ ይደነቁበታል፤ ሽማግሌዎቹ ይፈሩታል። እኔ መደነቁንም መፍራቱንም ትቼ በጉባኤ ቤት ሚዛን እመዝነዋለሁ። ነገራ አለውን? ተማሪው ራሱ ቆጥሮ፣ ራሱ ተሳስቶ፣ የራሱን ቃል ይዞ የሚቀርብበት ሰዓት ይተርፈዋልን? ከተረፈው ይግባ፤ እንኳን ደህና መጣ። የዜማው ምልክትም በአንድ ወቅት አዲስ ነበር። ካልተረፈው ግን ሌላ ጋፋት ነው። መድፍ ይወጣል፤ ተማሪ አይወጣም።

*

እንግዲህ ያቺን ልጅ ዛሬ ባገኛት የምላት ይህ ነው።

እዚህ የተማሩት ልጆች የት እንደ ደረሱ ታሪክ አልጻፈልንም፤ ምክንያቱም ያኔም ማንም አልጠየቀም። ንጉሡ ስለ መድፉ ጠየቁ። ፈረንጆቹ ስለ ነፍሳቸው መዳን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ስለ እስረኞቹ ጠየቁ። እኔ ስለ ክብደቱ ጠየቅሁ። ስለ ተማሪዎቹ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይተሽ የጠየቅሽው አንቺ ነሽ። ጋፋት ያ ጥያቄ በጊዜው ቢጠየቅበት ኖሮ ዛሬ ሣር ባልሆነም ነበር።

አሁንም አስተምራለሁ። በክፍሌ ውስጥ መሣሪያው ይለዋወጣል፤ ጠመኔው፣ ሣጥኑ፣ ስልኩ። እኔ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። “ጥያቄ ያለው?” ካልኩ በኋላ ሰዓቴን አላይም። ከኋላ ያለችው ልጅ እጅዋን እስክታነሣ ድረስ እጠብቃለሁ።